የሊኮማኮስ ኩርፊያ

አሪስቶናክስ አዝማሪውን ያስጠራው ለሠርጉ የሚታረዱት በሬዎች ሲመረጡ ነው። የልጁን የኒካሬታን እጅ የጠየቁት ከባሕሩ ማዶ ያሉት የቴሌሲያስ ሰዎች ነበሩ፤ ነፋስ ከቀናቸው ከነገ ወዲያ ይደርሳሉ። አሪስቶናክስ የበረቱን አጥር ተደግፎ አንዱን በሬ በዱላው ጫፍ ይነካካል። የሚከብደውን ነገር ሊናገር ሲል ከብት መነካካት ልማዱ ነው።

«ግላውኪፖስ፣ በሠርጉ የቅድመ አያቴን ግጥም ታዜማለህ» አለው።

«ምን ጥያቄ አለው፣ ጌታዬ።»

«ያለ ኩርፊያው።»

ግላውኪፖስ በሬውን አየ፤ ከዚያም ጌታውን አየ። ከሁለቱም ፊት ላይ ቀልድ አላገኘም።

ያንን ግጥም በደሴታችን የማያውቀው የለም። የአሪስቶናክስ ቅድመ አያት ሊኮማኮስ ባሕር ተሻግሮ ዘመተ። በግብሩ ላይ ብልት አውጪው ሽንጡን ለሊኮማኮስ የሚስት ወንድም ሰጠና ለራሱ ለሊኮማኮስ ጎድን አቀረበለት። ሊኮማኮስ ጎድኑን ገፍቶ፣ ከመርከቦቹ ኋላ ሄዶ፣ ቁርበት ተከናንቦ ተኛ። ጠላት ወደ ወንዙ መሻገሪያ ሲመጣ ወዳጁ አምፊኖር መጥቶ ለመነው፤ አልመለሰም። ደግሞ ለመነው፤ ከቁርበቱ ሥር አስነጠሰ። በእኛ ዘንድ ማስነጠስ ገድ ነው፤ አማልክት «እሺ» የሚሉበት ድምፅ ነው። አምፊኖርም «በቃ፣ ይከተለኛል» ብሎ ደስ እያለው ብቻውን ወረደ፤ ሞተም። ሊኮማኮስ ይህን ሲሰማ ተነሣ፤ የጦር መሣሪያውን እንኳ ሳይፈልግ የበሬ ቀንበር ይዞ ወንዙን እስከ ጀምበር መጥለቂያ ብቻውን ዘጋው። የአሪስቶናክስ ቤት የሚኮራው በዚህ ቀንበር ነው። የቴሌሲያስ ቤት ደግሞ የዚያ የአምፊኖር ዘር ነው።

«ጌታዬ፣ ኩርፊያው ከወጣ ምን ይቀራል?»

«ጀግንነቱ ይቀራል! ምን ጎደለው? አማቾቼ ማዕዴ ላይ ተቀምጠው፣ ‹አያታችሁ የሞተው የእኛው አያት በሥጋ አኩርፎ ነው› የሚል ይስሙ? ያውም ሥጋው ፊታቸው ቀርቦ?»

«ታዲያ አምፊኖር በምን ይሙት?»

«አይሙት።»

«አይሙት?»

«በሰላም ወደ አገሩ ይግባ። ልጆች ይውለድ። ፍየል ያርባ።»

«ፍየል?»

«ብዙ ፍየል። ለአማቼ አያት አልሰስትም።»

ግላውኪፖስ አፉን ሊከፍት ሲል አሪስቶናክስ በዱላው ወደ ወይራው እርሻ ዳር አመለከተ። የዘይት ጨማቂው ከሞተ ወዲህ ባዶውን የቆመ የድንጋይ ቤት አለ፤ ጣሪያው ደህና ነው፤ ምድጃ አለው፤ ከደጁ ጥላ የሚሰጥ በለስ አለው።

«በዜውስ እምላለሁ» አለ አሪስቶናክስ፣ «አጽድተህ ካዜምክ ቤቱ ያንተ ነው። ከኩርፊያው አንዲት ቃል ካፍህ ከወጣች ግን፣ ያንን ቤት ለግላውኪፖስ አልሰጥም። ምያለሁ።»

ግላውኪፖስ ከወጣትነቱ ጀምሮ ከደሴት ደሴት በሰው መርከብ ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ጉልበቱ ከዝናቡ ቀድሞ ዝናብ መምጣቱን ይነግረዋል። የቤት ነገር ሲነሣ ክርክር አላበዛም።

ማደሪያቸው ከበጎች በረት ኋላ ሱፍ የሚከመርበት ጎጆ ነበር። ሚስቱ ሚርታሌ ወሬውን ከእሱ በፊት ሰምታ ኖሮ ሲገባ አጣት፤ ሄዳ የድንጋዩን ቤት ስትጠርግ ቆይታ ፀጉሯ ሸረሪት ድር ለብሶ ተመለሰች።

«ምድጃው ጭስ አይመልስም» አለች ገና ከበሩ። «ሞክሬዋለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ገና መች ተሰጠንና ነው እሳት የምታነጂበት?»

«አንተ ታዜማለህ፣ እሱ ይሰጣል። ምን ይከብዳል? ዕድሜ ልክህን ስትጨምር ኖረሃል፤ አንድ ቀን ብትቀንስ ምን ትሆናለህ?»

«ሚርታሌ፣ ያለ ኩርፊያው ግጥሙ አጥንት የሌለው ዓሣ ነው።»

«አጥንት የሌለው ዓሣ አግኝቼ በበላሁ! በል ተቀመጥና አሰማኝ።»

ተቀመጠ፤ ክራሩን ቃኘ፤ አሰማት። ሊኮማኮስ በማለዳ ተነሣ። ታጠበ። ለአማልክት ሠዋ። ማንም ሳያስቀይመው፣ ማንንም ሳያስቀይም ወደ ወንዙ ወረደ። ጠላት መጣ፤ መታው። ሌላ መጣ፤ እሱንም መታው። ግላውኪፖስ የሟቾቹን ስም ከነአባታቸው ሲዘረዝር ቆይቶ ቀና ቢል ሚርታሌ ሱፉ ላይ ጋደም ብላለች።

«ተኛሽ?»

«ኧረ አልተኛሁም!» አለች ብድግ ብላ።

«አንኮራፍተሻል።»

«በአድናቆት ነው። ግሩም ነው፤ ልክ እንደዚሁ አድርገህ አዚመው።»

የሠርጉ ዕለት ግብሩ የተጀመረው ፀሐይ ገና አናት ላይ ሳለች ነው። ቴሌሲያስ ሙሽራውን ልጁንና ዘመዶቹን አስከትሎ ገባ። ግዙፍ ሽማግሌ ነው፤ ሲስቅም ሲያለቅስም ጢሙ አብሮት ይንቀጠቀጣል። ወይኑ በውሃ ተበረዘ፤ ሥጋው ተከፋፈለ፤ አሪስቶናክስ ሽንጡን በገዛ እጁ ለአማቹ አነሣለት። ከዚያም ግላውኪፖስ ክራሩን ይዞ ከምሰሶው ሥር ተቀመጠ።

ቴሌሲያስ ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ፣ «አሁን ሊጀምር ነው» ሲለው ሰማን። «አያታችን ሲሞት ቀና ብለህ አልቅስ፤ እንደ ባለፈው አንገትህን እንዳትደፋ።» ሴቶቻቸውም ለልቅሶው ፀጉራቸውን ፈትተው ጠበቁ። በእነሱ አገር የአምፊኖርን ሞት ያልሰማ ግብር፣ ግብር አይባልም።

ግላውኪፖስ ጀመረ። ሊኮማኮስ ተነሣ፤ ታጠበ፤ ሠዋ። መጀመሪያ ያዛጋው ብልት አውጪያችን ነው፤ ማዛጋት ደግሞ ይጋባል። ጠላት በየተራ እየመጣ ሲሞት የሙሽራው አጎቶች ስለ መረብ ዋጋ ማውራት ያዙ። አንድ ውሻ አጥንት ይዞ መሐል አዳራሹ ላይ ተጋደመ፤ ሰው ሁሉ እሱን ያይ ጀመር። ግላውኪፖስ ውሻውንም፣ ሰዎቹንም አየ። አንገቱ ሲቀላ ታየን። ቢሆንም ዜማውን አላቋረጠም፤ የድንጋዩ ቤት በሐሳቡ ነበረ መሰለኝ።

«አምፊኖርም በሰላም ወደ አገሩ ገባ» አለ፣ «በኮረብታውም ላይ ፍየሎቹ በዙ።»

«ምኖቹ በዙ?» አለ ቴሌሲያስ።

ክራሩ ቆመ።

«ፍየሎቹ፣ ጌታዬ።»

«ሲሞትስ?»

«በስተርጅና ነው፣ ጌታዬ። በልጆቹ መካከል፣ ተከብሮ።»

«የት ሆኖ?»

ግላውኪፖስ ወደ አሪስቶናክስ ተመለከተ፤ አሪስቶናክስ ወደ ጣሪያው ተመለከተ።

«አልጋው ላይ» አለ ግላውኪፖስ።

«አልጋው ላይ!» ቴሌሲያስ ሲነሣ ጽዋው ተደፋ። «አያቴ አምፊኖር? እንደ አሮጊት፣ ሾርባ እየተጋተ? እኛ በዚያ ሞት ነው ሰው የሆንነው! በዚያ ሞት ነው ልጆቻችንን የምናሳድገው! ሞታችንን ሰረቃችሁን!»

«ኧረ ዕድሜ ጨመርኩለት እንጂ!» አለ አሪስቶናክስ።

«ማን ለመነህ?»

«ለአንተ ክብር ብዬ ነው፣ አንተ ሰው!»

«ፍየል ለእኔ ክብር ነው? ልጄ፣ ተነሣ!» ቴሌሲያስ በሩ ጋ ደርሶ ወደ ግላውኪፖስ ዞረ። «አንተም አዝማሪ ነኝ ትላለህ? የሚስቴ የሽመና ዕቃ ሲንቋቋ ካንተ ዜማ ይጥማል።»

ወርዶ መርከቡ ላይ ወጣ፤ ጀርባውን ለየብሱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ነፋሱ ወደ እኛ ይነፍስ ስለነበር ወዲያው መሄድ አልቻለም፤ ማኩረፍ ግን ነፋስ አይጠይቅም።

አሪስቶናክስ በበኩሉ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ካባውን እስከ አናቱ ተከናነበ። ኒካሬታ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ውረድና አንዲት ቃል በለው።»

«እሱ ይምጣ።»

«ነፋሱ ከዞረ እኮ ይሄዳሉ!»

«ይሂዱ። እኔ ሽንጡን አንሥቼለታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። የሁላችንም ልብ ያሰበው አንድ ነገር ነበር፤ ግን ከጥብሱ ሳንበላ መባረር ስላልፈለግን ዝም አልን። ልጅቷ ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ምሰሶው ሄደች።

«አባባ ግላውኪፖስ፣ ውረድና ሞቱን አሰማው። እውነተኛውን።»

«ሰምቻለሁ!» አለ ካባው። «አንዲት ቃል! ምያለሁ!»

ግላውኪፖስ ተነሣና ወጣ። ሚርታሌ ከኋላው እየሮጠች ከወይን መጭመቂያው ጋ ደረሰችበት፤ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ባሕሩ።»

«ስማኝማ። አዚመሃል፤ ጨርሰሃል። አሁን ዝም ብቻ ብትል ቤቱ ያንተ ነው። ዝም በማለት ቤት ያገኘ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ልጅቷ እኮ—»

«ለልጅቷ ብለህ ነው?»

«ለልጅቷም ብዬ ነው።»

«ዋሸህ።»

ግላውኪፖስ እጅጌውን አስለቀቀ። «ከሽመና ዕቃ ታንሳለህ አለኝ፣ ሚርታሌ።»

«እና?»

«በሰው ፊት። ውሻው እንኳ እያየኝ።»

ሚርታሌ ወደ ድንጋዩ ቤት ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ይታይ ነበር። እግሯ ያበጠ ነው፤ ክረምቱም ሩቅ አልነበረም። ረጅም ስድብ ልትጀምር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ታዲያ ምን ልትመታ ነው የምትሄደው?» አለች በመጨረሻ። «ሆድህን? ክራሩ እኮ እኔ ጋ ነው።»

ሰጠችው።

ግላውኪፖስ ከመርከቧ ፊት አሸዋው ላይ ተቀመጠና ማንንም ሳያስፈቅድ ጀመረ። ይህን ጊዜ ከግብሩ ተነሣ፤ ከሽንጡና ከጎድኑ። ሊኮማኮስ ከንፈሩን ጣለ። የሚስቱ ወንድም ሽንጡን እያላመጠ «ጎድንም እኮ ደግ ነው» ሲለው ዓይኑ ቀላ። ቁርበቱን ተከናነበ። ዝንብ መጣ፤ ለዝንቡም ጀርባውን ሰጠ። ቀዛፊዎቹ መሳቅ ጀመሩ። ከአዳራሹ አንድ ሁለት እያልን ወረድን፤ ብልት አውጪውም ቢላውን እንደያዘ መጣ። የቴሌሲያስ ጀርባ አልዞረም፤ ጆሮው ግን ወደ እኛ ዘንበል ማለቱ ይታይ ነበር።

አምፊኖር መጣ፤ ለመነ። «ወንድሜ፣ በልጅነታችን በአንድ የተነፋ አቁማዳ ላይ ዋኝተናል፤ ፊትህን ብቻ አሳየኝ» አለው። ቁርበቱ ዝም። ደግሞ ለመነው። ቁርበቱ አስነጠሰ። አምፊኖር በደስታ ዘለለ። «ሰማችሁ? እሺ አለኝ!» እያለ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲዋጋ፣ በየመሐሉ ዞር እያለ ወዳጁ የሚመጣበትን መንገድ ያያል። የመታው ጦር ያገኘው ዞር ባለበት ነው።

ቴሌሲያስ ተንሰቀሰቀ። መርከቧ እስክትወዛወዝ አለቀሰ፤ ልጁም አለቀሰ፤ ያውም ቀና ብሎ። ሴቶቻቸው ደረታቸውን መቱ። ሽማግሌውን ግን ኩርፊያው አልለቀቀውም ነበር። ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ «ይህን ነበር ቅድም የፈለግነው!» ብሎ ጮኸና መልሶ ጀርባውን ሰጠን።

ግላውኪፖስ ትንፋሽ ሊወስድ ቆመ። በዚያ ዝምታ መሐል ከኋላችን አንድ ድምፅ መጣ።

«ጎድኑን ዘለልከው።»

ዞር ብንል አሪስቶናክስ ነው። ካባውን አሁንም እንደተከናነበ ነው፤ የሚታየው አፍንጫው ብቻ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ማንም አላየም።

«የቱን ጎድን፣ ጌታዬ?» አለ ግላውኪፖስ።

«የገፋውን። አልተወውም። ማንም ሳያየው ይዞት ሄዷል።» አሪስቶናክስ ዱላውን በአሸዋው ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሰ፤ የሚነካካው ከብት አልነበረም። «ከቁርበቱ ሥር ሆኖ ሲበላው ነበር። ርቦት ነበራ! ያን ያህል ሰው ፊት ‹አልበላም› ብሎ የገፋውን ሥጋ። አምፊኖር ሲለምነው ያልመለሰለት አፉ ሞልቶ ነው።»

የቴሌሲያስ ጀርባ ይህን ጊዜ ዞረ።

«አፉ ሞልቶ?» አለ ቴሌሲያስ ቀስ ብሎ።

«ሞልቶ። ቢናገር ሊታወቅበት ነው። ሁለተኛ ሲመጣበት ቶሎ ሊውጥ ሲል ትን አለው። ማስነጠስም አልነበረም።» አሪስቶናክስ ካባውን ከራሱ ላይ አወረደው፤ ፊቱ ከወይን ዝቃጭ ይበልጥ ቀልቷል። «አባቴ ሊሞት ሲል ነው የነገረኝ። እሱም ካባቱ ሰምቶ። ከቤታችን እንዳይወጣ ተብሎ ነው የኖረው። እንግዲህ ወጣ።»

ቅድም ያስቀረው ኩርፊያ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ጌጥ እንደነበር ያን ጊዜ ገባን። ቴሌሲያስ ከመርከቡ ጠርዝ ላይ ተነሣ። ሊመታው ነው ብሎ ብልት አውጪው ቢላውን ከኋላው ደበቀ። ሽማግሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ እየረገጠ ወጥቶ አሪስቶናክስ ፊት ቆመ።

«ታዲያ አልናቀውም» አለ።

«ምን?»

«እኛ እስከ ዛሬ፣ ‹አያታችንን ከምንም ሳይቆጥረው ቀርቶ ዝም አለው› ስንል ኖረን። አልናቀውማ! አፍሮ ነው!»

«እንዴት አይፈር? በሥጋ የተሞላ አፍ ይዞ!»

«በጎድን!» አለ ቴሌሲያስ፤ ጢሙ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «በጎድን የተሞላ አፍ!» ልቅሶ መሰለን፤ ሳቅ ነበር። ሳቁ ይዞት በጉልበቱ አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ደግሞ እውነተኛ ልቅሶ መጣበት፤ የአሪስቶናክስን እግር ይዞ፣ «ምነው ተፍቶት ቢናገር ኖሮ፣ ምነው ተፍቶት!» እያለ አለቀሰ። አሪስቶናክስም አጎንብሶ ትከሻውን ይዞ አለቀሰ፤ በመሐሉ ግን፣ «ጥሩ ጎድን ነበር ይባላል» ብሎ ለአያቱ መከራከሩን አልተወም።

ሙሽራው ማንም ሳያዘው ከመርከቡ ዘልሎ ወደ ኒካሬታ ሮጠ። ግላውኪፖስ እዚያው አሸዋው ላይ ቀሪውን ጨረሰ፤ ቀንበሩንም፣ ወንዙንም። እንደዚያ ቀን ቀንበሩ ከብዶ ሰምተነው አናውቅም።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ ቴሌሲያስ የአማቹን ክንድ ይዞ፣ «እንግዲህ ለዚህ ሰውዬ የተባለውን ቤት ትሰጠዋለህ» አለ።

አሪስቶናክስ ቆመ። «አልሰጥም።»

«ኧረ አንተ ሰው!»

«በዜውስ ምያለሁ። አንዲት ቃል ካፍህ ከወጣች ለግላውኪፖስ አልሰጥም ብያለሁ። አንዲት ቃል አይደለም የወጣው፤ ከነዝንቡ ነው የወጣው።»

«ራስህ ከእሱ የባሰውን ተናገርክ እኮ!»

«እኔ በራሴ ላይ አልማልኩም።» አገጩን ወደ ፊት አወጣ። ያን አገጭ የምናውቅ ሰዎች ተስፋ ቆረጥን። ግላውኪፖስ የክራሩን ማንጠልጠያ አስተካከለ።

ሚርታሌ በሰዎቹ መሐል እየተጋፋች ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ በእኔስ ላይ ምለዋል?»

«በአንቺ ላይ?» አሪስቶናክስ አሰበ። «በአንቺ ላይ የማልኩት የለም።»

«እኔ አላዜምኩም። ድምፄም አያምርም፤ የሰማኝ ሁሉ ይመሰክራል። ቤቱን ግን ጠርጌዋለሁ፤ ምድጃውንም ሞክሬዋለሁ።»

የአሪስቶናክስ አገጭ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ መሐላም ሳይበላ፣ ሰውም ሳያስቀይም የሚያመልጥበት ቀዳዳ መገኘቱ ደስ አሰኝቶታል።

«ያንቺ ይሁን፣ ሚርታሌ። ቤቱም፣ በለሱም፣ ከደጁ ያለው ወይራም።»

«እኔስ?» አለ ግላውኪፖስ።

«እሱን ባለቤቷን ጠይቅ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሚርታሌ ዕቃዋን በሁለት ዙር አስገብታ ጨረሰች። ግላውኪፖስ ከደጃፉ ላይ ክራሩን ታቅፎ ቆሟል፤ ግባ እስኪባል መጠበቅ የእንግዳ ወግ ነው፣ እሱም ወግ አዋቂ ነው። ደግሞ ትንሽ ከፍቶታል፤ እኔ አዚሜ እሷ ባለቤት ሆነች የሚል ነገር ከንፈሩ ላይ ይነበብ ነበር። እሷ ግን ያየችውም አልመሰለች። አስገባችው። እጁን አስታጠበችው። የገብስ ቂጣ፣ አይብና ጥቂት ወይራ አቀረበችለት፤ እሱም ዝም ብሎ በላ። እንግዳ ከመብላቱ በፊት ስሙ አይጠየቅም። በልቶ አፉን ሲጠርግ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እንግዲህ እንግዳዬ» አለች፣ «ማን ነህ? ከየትስ መጣህ?»

ግላውኪፖስ ሳያስበው ከንፈሩ ተፈታ። «ታሪኬ ረጅም ነው፣ እመቤቴ።»

«ጥፋትህን ብቻ ንገረኝ» አለች ሚርታሌ፣ ያበጠ እግሯን ወደ ምድጃው እየዘረጋች። «ሌላው ያስተኛኛል።»

ግላውኪፖስ አንድ ወይራ አነሣ፤ ከየትኛው እንደሚጀምር እያሰበ ፍሬውን በአፉ ውስጥ አገላበጠው። አፉ ባዶ እስኪሆን ጠብቆ ጀመረ።